በሌላ ሴት ልክ

ቤት አስዋቢዋ አዲስ ሥራ ስትቀበል ሜትሯን ከቦርሳዋ የምታወጣው በመጨረሻ ነው። መጀመሪያ ይዛ የምትሄደው ወንበር ነው። ወንበሩን ባዶው ክፍል መሃል ታኖርና ባለቤቱን አስቀምጣ ዓይኑን እንዲጨፍን ትለምነዋለች። ከዚያ በሕይወቱ ከኖረባቸው ቤቶች አብልጦ የሚወደውን እንዲያስብ፣ በሩን ከፍቶ እንዲገባና ቁልፉን የት እንደሚያኖር እንዲነግራት ትጠይቀዋለች። ሰው ምን ትወዳለህ ሲሉት የጎረቤቱን ሶፋ ነው የሚያወራው። ቁልፍህን የት ትጥላለህ ሲሉት ግን ሳያስበው ራሱን ያወጣል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ያፍራል። አንድ ጠበቃ እንዲያውም ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዶት አንኮራፍቶ ነበር፤ እሷም ምንም ሳትጨምር መኝታ ቤቱን አስቀድማ ሠራችለት።

መሐንዲሱ አልሳቀም፣ አላፈረምም። ዓይኑን ጨፍኖ፣ «ቁልፍ አልይዝም ነበር» አላት። «እሷ ቤት ትጠብቀኝ ነበር።»

እሷ ያላት ሚስቱን ነው። ብራዚል ሄዶ በትልልቅ ወንዞች ላይ ድልድይ ሲሠራ ወጣትነቱን ጨረሰ። እዚያው አገባ፣ እዚያው ሚስቱን ቀበረ፤ ከዚያም አንድ ሻንጣ አንጠልጥሎ አገሩ ገባ። አንዲት ታላቅ እህት አሉት፤ ወላጆቻቸው ከሞቱ በኋላ እናትም አባትም ሆነው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። ዕድሜያቸውን በርዕሰ መምህርነት ያሳለፉ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ አፋቸውን ሲከፍቱ ደወል የተደወለ የሚያስመስሉ ሴት ነበሩ። ወንድማቸው አዲስ ሕንፃ ላይ ባለው አፓርታማው መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ፣ መጋረጃ እንኳ ሳይሰቅል ወራት ሲያሳልፍ ቢያዩ ሆዳቸው አልችል አለ። የቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ተመለስልን እያለ እንደሚደውልለትም ያውቃሉ። ሰው እንዲህ አድርጎ የሚኖረው ሊሄድ ሲል ነው ብለው ፈሩ። እናም አንድ ቀን ወደ ቤት አስዋቢዋ ወርክሾፕ መጡና አፓርታማው እዚያ ብራዚል የነበረውን ቤት እንዲመስል አድርጋ እንድትሠራው አዘዟት። ዓሣን ወደ ባሕሩ ከመሸኘት ባሕሩን ወደ ዓሣው ማምጣት ይሻላል አሉ።

በዚህ ዓይነት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መገናኘት ጀመሩ። እሱ ወንበሩ ላይ፣ እሷ የመስኮቱ ደፍ ላይ ይቀመጣሉ። ቤቱ በእሱ አፍ ቀስ በቀስ ቆመ። ወጥ ቤቱን ከሳሎኑ የሚለየው ግድግዳ ባለ ቀዳዳ ሸክላ እንደነበር፣ ነፋሱም ብርሃኑም ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ያለ ፈቃድ እንደሚዘዋወር ነገራት። ሳሎኑ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ የሚንጠለጠል የጨርቅ መኝታ ነበር። የበረንዳው ወለል ማዕበል እንዲመስል በጥቁርና በነጭ ጠጠር የተነጠፈ ነው። ወንበሮቹ ከቀይ ቡናማ እንጨት የተሠሩ ሆነው መቀመጫቸው በቀጭን ሸንበቆ የተጠለፈ ነው፤ ጥጋጥጉን ቅጠሉ ጃንጥላ የሚያህል ተክል ሞልቶታል።

የብራዚል ስታይል ይሁንልኝ የሚሉ ደንበኞች ከዚህ በፊትም ገጥመዋት ነበር። እነሱ የሚፈልጉት በቀቀን የተሳለበት ትራስና አረንጓዴ ቀለም ነው፤ ሰጥታቸው ተገላገለች። የመሐንዲሱ ወሬ ግን የአንዲት ሴት ውሎ ነበር። ሴትየዋ ጫማዋን የት እንደምታወልቅ፣ በየትኛው መብራት እንደምታነብ፣ ሲከፋት የትኛው ጥግ እንደምትወሸቅ ቤት አስዋቢዋ አንድ በአንድ አወቀች። የራሷ የቤት አስዋቢዋ ዕድሜ ወደ አርባው ተጠግቷል፣ አላገባችም። የሰው ቤት ስትሠራ የራሷን ረሳች እያሉ ዘመዶቿ ይቀልዱባታል፤ እሷም አብራ ትስቃለች። ሰኞና ማክሰኞ ምን እንደምትሠራ አልታወቅ እያላት፣ ሐሙስ ላይ የቅዳሜ ቀሚስ መምረጥ የጀመረችው መቼ እንደሆነ ግን ለራሷም አልገባትም።

ክረምቱ በገባ ሰሞን አንድ ቅዳሜ ዝናቡ መስኮቱን ሲደበድበው መብራት ጠፋ። መሐንዲሱ ወሬውን ሳይጨርስ ዓይኑን ገለጠ። እሷ እያየችው ነበር። ሲያይ የተያዘ ሰው እንደሚያደርገው አንገቷን ልትመልስ አስባ አልቻለችም፤ እሱም አልመለሰም። የላይኛው ፎቅ በር በነፋስ ተላትሞ እስኪያስደነግጣቸው ድረስ ሁለቱም እንደዚያ ቆዩ። ከዚያ እሱ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ እሷ ቦርሳዋን ፈለገች።

ሥራው ሲጀመር አናጢው መጣ። ከእሷ ጋር ብዙ ቤት የሠራ፣ በዕድሜም የሚበልጣት፣ ምላሱ ከመጋዙ የሚቀድም ሰው ነው። ከመሐንዲሱ ቤት ሥራ ሁሉ ያስገረመው የመግቢያው መስታወት ነበር። መሐንዲሱ ስለዚያ መስታወት ሲነግራት፣ ሚስቱ ከመውጣቷ በፊት ሊፒስቲክ የምትቀባው እዚያ ቆማ እንደነበር፣ ቁመቷም እስከ ብብቱ እንደነበር ነግሯታል። እሷም መሐንዲሱን ግድግዳው ጋ አቁማ ከብብቱ ለክታ ምልክት አደረገች።

አናጢው ውሃ ልኩን ምልክቱ ላይ አስደግፎ ወደኋላ ራቅ አለና ተመለከተ። ለማን እንደሚሰቀል ጠየቃት፤ ለሕፃን ከሆነ ልጅ በሌለበት ቤት ምን ያደርጋል ማለቱ ነበር። ስለ ሟቿ ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ፣ ምስማሩን መታ፣ ክቡን መስታወት ሰቀለ።

«እንግዲህ አንቺ ብቅል አውራጅ» አላት ረዥም ቁመቷን በዓይኑ ለክቶ፣ «እዚህ ቤት ፀጉርሽ ቢንጨባረር እስክትወጪ የሚነግርሽ የለም።»

«ለኔ አይደለማ ጋሼ።»

«ይህንንማ አየሁ» አለ አናጢው። መሣሪያውን እየሰበሰበ ሌላ ቀልድ የፈለገ መሰለ፤ ፊቷን አየትና ተወው።

እሱ ከወጣ በኋላ መስታወቱ ፊት ቆመች። የሸሚዟ ኮሌታና ቁልፎች፣ የአንገት ሐብሏ፣ ቀበቶዋ ይታያሉ። ከአገጯ በላይ ያለው ግድግዳ ነው። ጎንበስ ብትል ፊቷን ታየው ነበር። ቤቱን ጨርሳ እስክታስረክብ ድረስ በዚያ በኩል ስንት ጊዜ አለፈች፤ አንድ ቀን እንኳ ጎንበስ አላለችም። በሌላ ሴት ልክ በተሰቀለ መስታወት ውስጥ ፊትን መፈለግ ነውር ሆኖ ታያት።

ቤቱ ሊያልቅ ሲል የመሐንዲሱ እህት ወደ ወርክሾፑ ተመልሰው መጡ። እትዬ የምትላቸው በአክብሮት ነበር፤ ዛሬም ወንበር ስባ፣ አቧራውን በክንዷ ጠርጋ አስቀመጠቻቸው። ስለ ሥራው ጥቂት ጠየቁ፣ አመሰገኑ። ከዚያ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አደላድለው ቅዳሜዎቹ ለምን እንደረዘሙ አነሱ። ወንድማቸው ለብዙ ጊዜ ከቆየ ዝምታ በኋላ ጠዋት ጠዋት ማንጎራጎር መጀመሩን፣ ዓርብ ፀጉሩን እንደሚቆረጥ ነገሯት። ይህ ደስ ያሰኛቸው መስሏት ልትፈግግ ስትል ቀጠሉ።

«አባትሽን አውቀዋለሁ። የትምህርት ቤታችን ዘበኛ ነበር አይደል? ጨዋ ሰው ነበር። ያን ሁሉ ዘመን በር ሲጠብቅ አንድ ቀን ሳይጠራ ቢሮ አልገባም።»

ቤት አስዋቢዋ የተነገራት ገባት። አባቷ ከሥራ ሲመለስ ኮፍያውን አውልቆ የሚሰቅልበት ምስማር፣ ያንን ምስማር የመታበት ድንጋይ ድረስ ትዝ አላት።

«እኔም ተጠርቼ ነው የመጣሁት፣ እትዬ።»

«ለቤቱ ነው የተጠራሽው ልጄ። ቤት የሚሠራና ቤት የሚገባ ለየቅል ነው።» ድምፃቸውን አለዘቡ፤ ሲያለዝቡ ደግሞ ይበልጥ ያስፈሩ ነበር። «ክፉ አታድርጊኝ። የማዝነው ላንቺም ነው። እሱ የሚያየው አንቺን አይደለም። እሷን እያወራ ዓይኑን ሲገልጥ ፊቱ ያለሽው አንቺ ስለሆንሽ ብቻ ነው።»

ስለ አባቷ ለተናገሩት መልስ ነበራት። የኋለኛውን ግን ከእሳቸው በፊት እሷው ራሷ፣ አምፖል ስትመርጥ፣ ጨርቅ ስትለካ፣ ለራሷ ብዙ ጊዜ ብላው ነበር። እስከ በሩ ሸኘቻቸው። ተመልሳ ስትቀመጥ የጠረገችው ወንበር አሁንም አቧራ ያለበት መሰላት።

የርክክቡ ቅዳሜ ሰማዩ ጠርቶ ዋለ። ቀድማ ገብታ ተክሎቹን አጠጣች፣ መስኮቶቹን ከፋፈተች። የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ በባለ ቀዳዳው ሸክላ ገብታ ወለሉ ላይ ክብ ክብ ብርሃን ዘርታ ነበር። ብዙ ቤት ሠርታለች፤ እንዲህ ያለ ግን ሠርታ አታውቅም። ኩራቱ ሲመጣባት ታገለችው። ሌላ ሴት ለራሷ ጎጆ የምታደርገውን እሷ ለሰው አድርጋው ነበር፤ ዛሬ ቁልፉን ሰጥታ ትወጣለች፣ ሌላ ቅዳሜ የለም።

እትዬ ቀድመው ገቡ። መደርደሪያው ላይ ጣታቸውን አሳልፈው አቧራ ቢፈልጉ አጡ፤ «ጎበዝ» አሏት፣ ልክ እንደ ተማሪ። መሐንዲሱ ግን መግቢያው ላይ ቀረ። መስታወቱ ውስጥ ያየው የገዛ ደረቱን ነው። የመስታወቱን ጠርዝ በጣቱ ነካው። ሳያይ እጁን ወደ ግራ ሰደደ፤ ማብሪያው እጁ በሄደበት ቦታ ነበርና መብራቱ በራ። ትንፋሹ ሲቆረጥ ከሳሎኑ ጥግ ተሰማት።

ከዚያ ገባ። የተንጠለጠለውን መኝታ አለፈ። ወጥ ቤቱን በቀዳዳዎቹ አሻግሮ አየ። ሳሎኑ መሃል ሲደርስ፣ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ቢጫ ግድግዳ ላይ ዓይኑ ተተክሎ ቀረ።

«ይሄ ግድግዳ ቢጫ ነበር?» አለ።

«እንደነገሩኝ ነው የቀባሁት።»

«መቼ ነው የነገርኩዎት?»

«መብራት ከጠፋበት ቀን በኋላ በመጣው ቅዳሜ።»

ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ። ስለ መጋረጃዎቹ ጠየቃት፤ መለሰችለት። ስለ መጽሐፍ መደርደሪያው ጠየቃት፤ መለሰችለት። በመለሰች ቁጥር ፊቱ አመድ እየመሰለ ሄደ። በመጨረሻ ጀርባውን ለቢጫው ግድግዳ ሰጥቶ፣ ድሮ ፍራሹ ተዘርግቶበት በነበረው ቦታ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እህቱ ደንግጠው አጠገቡ ተንበረከኩ። ምን እንደሆነ ጠየቁት፣ ግንባሩን ዳበሱት፤ ከዚያ ቀና ብለው ቤት አስዋቢዋን፣ «ምን አደረግሽው?» አሏት።

«እታለም» አለ መሐንዲሱ፣ «ጥቂት ተይን።»

ሲያሳድጉት እንዲህ ብሏቸው አያውቅም ነበር። ተነሱ። ቀሚሳቸውን አራገፉ፣ ወጥተው በሩን ገርበብ አደረጉት። የጫማቸው ድምፅ ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ሄደና ቆመ። ከዚያ አልፎ አልሄደም።

እሱም ድምፁን ሳያነሳ ተናገረ።

«ትዝታዬ ያለቀው ክረምቱ እንደገባ ነው። ቅዳሜ ግን አላለቀም።»

እሷ የገባት መሰላት፤ ሆኖም ከአፉ መስማት ፈለገች።

«ያለኝን ሁሉ ነግሬዎት ነበር። ሌላ የለም ካልኩ ሜትርዎን አውጥተው ሥራ ሊጀምሩ ነው፤ ከዚያ አይመጡም። ስለዚህ ጨመርኩ። መጀመሪያ መጋረጃ። ቀጥሎ ግድግዳ። ያልነበረውን ሁሉ በእሷ ስም አወራሁ፤ እሷ ተነስታ ውሸት ነው አትለኝ።» እጆቹን አየ። «ዛሬ ስገባ ግን ሁሉም እኩል የእሷ መሰለኝ። የቱን እንደኖርኩት፣ የቱን እንደፈጠርኩት ጠፋኝ። አንዴ ቀብሬያት ነበር። አሁን ደግሞ መቃብሯን አጠፋሁት።»

ደስታ ቀድሞ መጣባት። ለእኔ ሲል ነው፣ እንድመጣለት ሲል ነው የሚል ደስታ፣ እንደ ሌባ በጓሮ በር ገባ። ወዲያው ሐፍረት ተከትሎ ገባና ደስታውን አንገቱን ይዞ አወጣው። ፊቷ ያለው ሰው ሚስቱን ሁለተኛ ያጣ ሰው ነው፤ ያሳጣችውም እሷ ናት። እዚያው ቆማ ልታለቅስ ትችል ነበር። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ልትሄድም ትችል ነበር፤ እትዬ ኮሪደር ላይ የሚጠብቁት ይህንኑ ይሆናል። እሷ ግን ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ሌላ የምታውቀው ነገር አልነበራትም።

«ተነስ» አለችው። እርስዎ መባባል በየት በኩል እንደወጣ አንዳቸውም አላስተዋሉም። «አልጠፋችም። ተነስ፣ ላሳይህ።»

በእጅጌው ይዛ ወደ ወጥ ቤት ወሰደችው። ከማጠቢያው ጎን ያለውን መሳቢያ እንዲከፍት አደረገች። ሳበው፤ አልከፈት አለ። ከፍ አድርጎ ሲስበው ተከፈተ። ይህን መሳቢያ ስታዘው አናጢው ዕድሜ ልኬን መሳቢያ እንዳይነክስ ስሠራ ኖሬ፣ ዛሬ እንዲነክስ አድርገህ ሥራ ይሉኛል ብሎ አንድ ሙሉ ቀን አኩርፎ ነበር።

«ይሄ የእሷ ነው» አለች። «ጠዋት ጠዋት ትረግመው እንደነበር ነግረኸኛል። ይሄ ሴራሚክ ጥጉ ላይ ተሰንጥቋል፤ ድስት ጥላበት ነው፤ እሱም የእሷ ነው። መስታወቱም የእሷ ነው፣ ሊፒስቲኩ ሁልጊዜ ጥርሷን ይነካ ነበር ብለሃል። ያ መኝታ ደግሞ አንደኛው ቀለበቱ ዝቅ ያለ ነው። በተኛች ቁጥር ወደ እግርጌ እየተንሸራተተች፣ ድልድይ የሚሠራ ሰው ሁለት ቀለበት እኩል መስቀል ያቅተዋል ወይ እያለች ትሰድብህ ነበር። እኔም ዝቅ አድርጌ ነው ያሰቀልኩት።»

መሐንዲሱ ቀለበቱን አየ።

«እንዴት ለየሽው?»

«ሰው የኖረበትን ዕቃ ያለ እንከን አያስታውሰውም። እውነቱን ስትነግረኝ ሁልጊዜ የሚነክስ፣ የሚያንጠባጥብ፣ የሚወላገድ ነገር ነበረው። ዓይንህም ይጨፈን ነበር። መብራት ከጠፋበት ቀን በኋላ የነገርከኝ ግን ሁሉም ልክ ነው። መጋረጃው ልክ፣ መደርደሪያው ልክ፣ ግድግዳው የፀሐይ ቀለም። ዓይንህ ደግሞ ተከፍቶ ነበር።»

«አውቀሽ ዝም አልሽ?»

«አዎ።»

ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ወደ መስኮቱ ተራመዱ። እዚያ ፊት ለፊት የተቀመጡ ሁለት ወንበሮች ነበሩ፤ ሸንበቋቸው ገና አዲስ ሽታ አለው። አንደኛው መካከለኛ ነው፣ የወንድ። ሁለተኛው ከፍ ያለ ነው፤ እግሩ ረዥም፣ መደገፊያውም ረዥም። እስካሁን የየዕቃውን ጉዳይ ሳታመነታ ስትናገር የቆየችው ሴት እዚህ ስትደርስ ድምፅዋ አነሰ። እጇን መደገፊያው ላይ አሳረፈች።

«ማታ ማታ እዚህ ትቀመጥ ነበር ብለህ ከፍታውን የነገርከኝ አንተ ነህ። እዚህ ወንበር ላይ ብትቀመጥ ኖሮ እግሯ መሬት አይነካም ነበር።»

መሐንዲሱ ወንበሩን ከእግሩ እስከ መደገፊያው አየው።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

ይህን ካለች በኋላ ሊነገር የሚችል ሌላ ነገር ያለ አልመሰላትም። ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ታች መንገዱ ላይ መኪኖች ይተላለፋሉ፤ ማዶ ያለው ሕንፃ ላይ አንዲት ሴት የደረቀ ልብስ ታነሳለች፣ አንሶላውን ለብቻዋ ለማጠፍ ጫፉን በአገጯ ይዛ ትታገላለች። የሚያስቅ ነገር ነበር። ቤት አስዋቢዋ ድምፅዋን አስተካክላ ሰኞ ከአናጢው ጋር እንደምትመጣ ነገረችው። የውሸቱን ሁሉ እንደሚያወጡ፣ ግድግዳውን ነጭ እንደሚቀቡ፣ ወንበሩንም እንደምትወስደው። የሚስቱ ብቻ እንደሚቀርለት። ይህን ሁሉ የተናገረችው ለመስኮቱ ነው።

«አትውሰጂው» አለ።

ዞራ አላየችውም።

«እታለም እንኳ ፎቶግራፏን ነው የምታውቀው» አለ መሐንዲሱ። «ቀብሯ ላይ የነበረ ሰው እዚህ አገር አንድም የለም። ስሟን ብጠራ ፊቱን የሚያጠቁርልኝ ሰው አጣሁ፤ ሰው ሁሉ በጨዋነት፣ ነፍስ ይማር ይለኛል፣ እንደማያውቁት ሰው። ሰው ብቻውን እስከ መቼ ያለቅሳል? መሳቢያውን እንደምትረግም፣ ከመኝታው እየተንሸራተተች እንደምትሰድበኝ የሚያውቅ ሰው እዚህ አንቺ ብቻ ነሽ። አንቺን ከዚህ ቤት ካወጣሁ እሷም አብራሽ ነው የምትወጣው።» ከዚያም ጨመረ፤ ይህን ሲጨምር ድምፁ የመሐንዲስ አልነበረም። «ግን አንቺን የምፈልግሽ ለዚህ ብቻ አይደለም። ቢሆን ኖሮ ያን ወንበር ዝቅ አድርጌ እነግርሽ ነበር።»

ኮሪደሩ ላይ የቆመው ጫማ ተነቃነቀ። ሁለቱም ሰሙት። ወደ በሩ የሚመጣ መስሏቸው ጠበቁ። ጫማው ግን ወደ ደረጃው ሄደ፤ አንድ ደረጃ ወርዶ፣ አረፍ ብሎ፣ እንደገና ወርዶ፣ በእርጅና ጉልበት ቀስ እያለ ታች ድረስ ተሰማ። እትዬ ሊፍቱን አልጠሩም። ሊፍቱ ሲመጣ ደወሉ ይጮሃል፤ ያን ድምፅ እንኳ እዚያ ክፍል ውስጥ ማስገባት ያልፈለጉ ይመስላል።

ቤት አስዋቢዋ ከፍ ባለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። እግሯ ወለሉን ነካ። እሱም ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ከሸክላው ቀዳዳዎች ወርዳ የብርሃኑን ክቦች ወደ ጫማዎቻቸው አቀረበቻቸው። ያን ሁሉ ወራት የቀናችባት ሴት በየትኛውም ጥግ ብትፈልጋት ዛሬ አልከበደቻትም። ስንት ጠዋት ስለ እሷ አስባ ምስማር መርጣለች፤ ለእሷ ብላ ነው ከአናጢው የተጣላችው። ከእህቶቿ ይልቅ የዚህችን ሴት ልማድ ታውቃለች። ቢሆንም አንድ ነገር እንደማታውቅ አሁን ታወቃት፤ በእንጨትም በጨርቅም የማይሠራ፣ ስለዚህም ጠይቃው የማታውቀው ነገር።

«ሳቋ እንዴት ነበር?» አለችው።

መሐንዲሱ በቃል መግለጽ አቃተውና ሊያሳያት ሞከረ። በጎርናና የወንድ ድምፁ ቀጭን ሳቅ ጀመረ፤ መሃል ላይ ተሰበረበት፣ እንደገና ጀመረ፣ እንደገና ተሰበረ። እንዲህ አልነበረም አላት ራሱን እየነቀነቀ፣ እንዲህ አልነበረም፣ እንዲህ አይደለም። እንባው አገጩ ላይ ደርሶ ነበር።

እሷም እጁን ያዘችው። ያላየቻት፣ ድምፅዋን ያልሰማቻት፣ ቁመቷንና ልማዷን ብቻ የምታውቃት ሴት ናፈቀቻት፤ አብራው አለቀሰች።